የስድስት ኪሎ አደባባይ ቢሻሻል፦ ሐውልት ላለበት መስቀለኛ መንገድ አማራጮች እንዴት ይመዘናሉ?

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ከሚበዛባቸው መጋጠሚያዎች ብዙዎቹ የታሪክ መታሰቢያም ናቸው። አራት ኪሎ ላይ የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት፣ ስድስት ኪሎ ላይ የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት፣ ፒያሳ ላይ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት፣ ለገሃር ላይ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ቆመዋል። ከተማዋ ስትሰፋና መኪናው ሲበዛ እነዚህ ቦታዎች በየተራ «ይሻሻሉ» መባላቸው አይቀርም፤ ክርክሩም ብዙውን ጊዜ «ሐውልቱ ይነሣ ወይስ አይነሣ» በሚል ጠባብ ጥያቄ ላይ ይቆማል። በመንቀልና እንዳለ በመተው መካከል ግን ሌሎች አማራጮች አሉ፤ እያንዳንዱ የሚያድነውና የሚያጠፋው ነገርም ይለያያል። ይህ መመሪያ አማራጮቹን በአንድ በሚታወቅ ቦታ፣ በስድስት ኪሎ አደባባይ፣ ላይ እያሳረፈ ያነጻጽራል። የተጻፈውም ውሳኔው ላይ ድምፅ ላላቸው ሰዎች ነው፤ ለክፍለ ከተማ ባለሙያ፣ ለአማካሪ መሐንዲስ፣ በሕዝብ ውይይት ላይ እጁን ለሚያወጣ የአካባቢው ነዋሪም ጭምር።

ቅርሱ ከየት እስከ የት ነው?

የመኪና ቆጠራ ከመጀመሩ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ፤ ከዚያ በኋላ የፋሺስት ኃይሎች በከተማው ሕዝብ ላይ ለሦስት ቀናት የፈጸሙት ጭፍጨፋ የሚታሰበው በዚህ አደባባይ ነው። ቤተ መንግሥቱ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ የተሰጠው፣ ዛሬም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ የሆነው ቅጥር ነው። እንግዲህ ድርጊቱ የተጀመረበት ግቢና ድርጊቱን የሚያስታውሰው ሐውልት ተጎራብተው ቆመዋል፤ የሚለያቸው አስፋልት ብቻ ነው። በከተማዋ ካሉት መታሰቢያዎች ይህን ያህል ከታሪኩ ቦታ ጋር የተቆራኘ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ እዚህ ቦታ ላይ የሚጠበቀው ቅርስ የድንጋዩ ዓምድ ብቻ ሳይሆን በዓምዱና በግቢው መካከል ያለው ግንኙነት ጭምር ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ሐውልቱ ራሱ ይመጣል። 28 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን የዩጎዝላቪያ ቀራጮች አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ሠርተውታል። ከሩቅ የሚታየው ቁመቱ ነው፤ የሚናገረው ግን በግርጌው ዙሪያ ያለው ጭፍጨፋውን የሚያሳይ ቅርጽ ነው፤ እሱን ለማየት ደግሞ ተጠግቶ በእግር መዞር ያስፈልጋል። በመኪና የሚዞር ሰው ዓምዱን ያያል፣ የሰዎቹን ፊት ግን አያይም። ከዩኒቨርሲቲው ግቢና ከአንበሳ ግቢው ወደ መንገዱ የሚያጠሉት ያረጁ ዛፎችም የዚሁ ገጽታ አካል ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በአዲስ ችግኝ መተካት አይቻልም።

በብዙ የዲዛይን ሰነዶች የሚዘለለው ሌላው ነገር ሕዝቡ ቦታውን እንዴት እንደሚጠቀምበት ነው። በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን በሐውልቱ ሥር የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል። ጥር 10 ቀን፣ በከተራ፣ ወደ ጃን ሜዳ ከሚወርዱት ታቦታት የሚያልፉት በዚሁ በኩል ነው፤ የጥምቀት በዓል ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ሥርዓቱን በቅርብ ያየ ሰው እንደሚያውቀው ወጣቶች ታቦቱ ያለፈበትን ምንጣፍ ከኋላ እየጠቀለሉ፣ ሮጠው ከፊት እያነጠፉ፣ ሙሉውን መንገድ ይሸፍናሉ፤ ግራና ቀኙን ዘማሪና ምእመን ይሞላዋል። ይህ እንዲሆን መንገዱ ሰፊ፣ ሜዳማና ከብረት አጥር ነጻ መሆን አለበት። በመንገድ መሐል የሚተከል ከፍ ያለ አካፋይ ወይም ወደ መሬት ውስጥ የሚወርድ ቁልቁለት ዓመቱን ሙሉ መኪናን ቢያቀላጥፍ እንኳ በከተራ ዕለት ሕዝቡን ለሁለት ይከፍለዋል።

መጨናነቁ ከየት ይመጣል?

አደባባይ ሲጨናነቅ የሚታሰበው መፍትሔ ማስፋት ነው። ነገር ግን የአደባባይ ችግር ብዙውን ጊዜ ከመግቢያው ሳይሆን ከመውጫው ይጀምራል። አንድ ሚኒባስ ከአደባባዩ ወጥቶ ገና ሃያ ሜትር ሳይሄድ ይቆማል፤ ወያላው «ሽሮ ሜዳ፣ ሽሮ ሜዳ» ብሎ ይጣራል፤ ከኋላው ያለው ይቆማል፤ ሦስተኛው ጭራው በቀለበቱ፣ ማለትም መኪናው በሚዞርበት ክብ መንገድ፣ ውስጥ ይቀራል። ቀለበቱ በአንድ መውጫ ከተዘጋ በደቂቃዎች ውስጥ ሁሉም መግቢያዎች ይቆለፋሉ፣ ምክንያቱም ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚሄደውም መኪና የግድ በተዘጋው ቀለበት ማለፍ አለበት። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ አንድ መስመር መጨመር ማለት ተሰልፈው የሚጠብቁትን መኪኖች ቁጥር መጨመር ነው። ስለዚህ የትኛውም አማራጭ ከመመረጡ በፊት የታክሲና የአውቶቡስ መጫኛው ከመውጫው ቢያንስ 50 ሜትር ቢርቅ ምን ያህል እንደሚቀል በተግባር መሞከር አለበት፤ ወጪው የምልክት ሰሌዳና አንድ ትራፊክ ፖሊስ ነው።

ሌላው መቆጠር ያለበት እግረኛው ነው። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር ነው፤ ስድስት ኪሎ ደግሞ ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታል ጎን ለጎን ያሉበት ቦታ ስለሆነ ተማሪው፣ ታማሚውና አስታማሚው ይበዛል። መኪና ብቻ የቆጠረ ጥናት አብላጫውን ተጠቃሚ ሳይቆጥር ነው የሚያቀርበው።

ቀለበቱን ይዞ ማስተካከል

የመጀመሪያው አማራጭ አደባባዩን እንደ አደባባይ ማቆየትና ቅርጹን ማረም ነው። ባለ አንድ መስመር አደባባይ በቀን እስከ 25,000 ገደማ ተሽከርካሪ ሊያስተናግድ ይችላል፤ በደኅንነትም ብልጫ አለው፤ አራት ክንድ ባለው ተራ መስቀለኛ መንገድ ላይ የመኪኖች መንገድ እርስ በርስ የሚቆራረጥበት ወይም የሚገናኝበት 32 ነጥብ ሲኖር፣ ባለ አንድ መስመር አደባባይ ላይ ይህ ወደ 8 ይወርዳል። የመግቢያ ጠርዞችን ማጥበብ፣ የመታጠፊያውን ጥምዝ መቀነስ፣ ዜብራውን ከቀለበቱ አንድ መኪና ያህል ወደ ኋላ መመለስና መሐሉ ላይ እግረኛ የሚቆምበት ደሴት ማድረግ ሥራው ይህ ነው። ከቅርሱ አንጻር ከሁሉም የዋህ የሆነው አማራጭ ይህ ነው፤ መሬቱን በጥልቅ አይቆፍርም፣ ዛፍ አይቆርጥም፣ ተሳስተን ቢሆን መልሰን ልናነሣው እንችላለን።

ደካማ ጎኑም ግልጽ ነው። አደባባይ የሚሠራው ገቢው መኪና ለዟሪው ቅድሚያ ሲሰጥ ነው፤ በእኛ ከተማ ደግሞ ቅድሚያ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ የመኪናውን አፍንጫ ቀድሞ ያስገባው ነው። መስመሮቹ ሁለትና ሦስት ሲሆኑ የደኅንነት ብልጫው ይሳሳል። ወደ ሐውልቱ በእግር መሻገርም እንደ በፊቱ አስቸጋሪ ሆኖ ይቀራል። የመኪናው መጠን መካከለኛ ለሆነበት፣ ችግሩም በዋናነት ከመጫኛ ቦታና ከፍጥነት ለሚመጣበት መጋጠሚያ ግን ከዚህ አልፎ መሄድ የገንዘብ ብክነት ነው።

መብራት ማስገባት

ሁለተኛው አማራጭ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው አደባባዩን አፍርሶ ተራ የመብራት መስቀለኛ ማድረግ ነው፤ በከተማዋ በርካታ አደባባዮች በዚህ መንገድ ጠፍተዋል። ሐውልት መሐል ላይ ላለበት ቦታ ግን ይህ ማለት ሐውልቱን ወደ ዳር መግፋት ስለሆነ ወዲያውኑ ይወድቃል። ሁለተኛው መልክ ቀለበቱን ይዞ መብራት መትከል ነው፤ የለንደኑ ሃይድ ፓርክ ኮርነር እንዲህ ይሠራል። መብራቱ በመግቢያዎቹና በቀለበቱ ውስጥ ይቆማል፤ ዟሪው ሲቆም ገቢው ይገባል። በዚህ ቀለበቱ መቆለፉን ያቆማል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እግረኛ ወደ መሐሉ ደሴት በመብራት እንዲሻገር ማድረግ ይቻላል፤ ይህም የሐውልቱን ግርጌ ለሕዝብ ይከፍታል።

እዚህ ላይ ሁለት ስሌቶች ዲዛይኑን ያዋቅሩታል ወይም ያበላሹታል። አንደኛው የሚባክነው ጊዜ ነው፤ መብራት ከአንድ አቅጣጫ ወደ ሌላው በተዛወረ ቁጥር አራት ሰከንድ ገደማ ማንም ሳያልፍ ይጠፋል፤ ስለዚህ ለአራት አቅጣጫ በየተራ የሚሰጥ መብራት በ100 ሰከንድ ዙር ውስጥ 16 ሰከንድ ያባክናል፣ በሁለት ተራ የተቀናጀ ግን የዚያን ግማሽ። ሁለተኛው የእግረኛው ነው፤ 20 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ በሰከንድ 1.2 ሜትር የሚራመድ ሰው ለመሻገር 17 ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል፣ ከሆስፒታል የወጣ ታማሚ ደግሞ ከዚያም በላይ። ለእግረኛው 10 ሰከንድ ብቻ የሚሰጥ መብራት በወረቀት ላይ መኪናውን ያፈጥናል፤ በተግባር ግን ሰው በቀይ መብራት መሐል መንገድ ላይ ይቀራል።

መብራት ያለ ኃይል ጌጥ ነውና መጠባበቂያ ባትሪ የዋጋው አካል ሆኖ ከመጀመሪያው መገባት አለበት። የቅርሱ ጥያቄ ደግሞ የምሰሶው ቦታ ነው። ከአራት ኪሎ ሽቅብ ሲመጣ ሐውልቱ ከፊት ከሚታይበት መስመር ላይ ክንዱን መንገድ መሐል የዘረጋ ትልቅ የመብራት ምሰሶ ማቆም፣ ሳይነኩ ማበላሸት ነው፤ አጫጭር ምሰሶዎችን በዳርና ዳር መትከል ሥራውን ያለ ችግር ይሠራል።

ወደ ታች መግባት

«መኪናውን ከሥር እናሳልፈው» የሚለው ሐሳብ በጣም ማራኪ ነው፤ ከላይ ያለው ሁሉ እንዳለ የሚቀር ይመስላልና። ይሁን እንጂ በቁጥር ሲታይ ሌላ መልክ ያወጣል። ለጭነት መኪናና ለአውቶቡስ የሚሆን ከፍታና የላዩ ድልድይ ውፍረት ሲደመር መንገዱ ወደ 6.5 ሜትር ገደማ መውረድ አለበት፤ በመቶ 6 ተዳፋት ይህ በእያንዳንዱ ወገን ከ100 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፣ መግቢያና መውጫው ላይ የሚለሰልሰው ጥምዝ ሳይጨመር። ያ ሁሉ ርዝመት በግራና በቀኝ ግድግዳ ያለው ቦይ ነው፤ እግረኛ አያቋርጠውም፣ የከተራ ሕዝብም አይሄድበትም።

ዛፎቹም ይጎዳሉ። በሙያው የተለመደው መለኪያ ከግንዱ ውፍረት 12 እጥፍ የሆነ ራዲየስ ሥሩ እንዳይነካ መጠበቅን ይጠይቃል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ዛፍ 7.2 ሜትር ማለት ነው። በግቢው አጥር ጥግ ቦይ ሲቆፈር ዛፉ ወዲያው አይሞትም፤ ሥሩ ተቆርጦ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይደርቃል፣ ያን ጊዜ ተጠያቂ የሚሆን ሥራ ተቋራጭ አይገኝም። ስድስት ኪሎ ከእንጦጦ ግርጌ ላይ በመሆኑ የሐምሌና የነሐሴ ጎርፍ ከሽሮ ሜዳ በኩል ቁልቁል ይወርዳል፤ ዝቅ ያለው መንገድ ውኃውን ይሰበስበዋል፤ ፓምፕ ደግሞ ልክ እንደ መብራቱ ኃይል ይፈልጋል።

ለእግረኛ ብቻ የሚሆን የመሬት ውስጥ መተላለፊያ ትንሽ ነው፣ ጉዳቱም ትንሽ ነው። አራት ኪሎ ላይ እንዲህ ያለ ተሠርቷል። ነገር ግን 3.5 ሜትር ለሚወርድ መተላለፊያ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመች የአንድ ለአሥራ ሁለት ተዳፋት 42 ሜትር ይረዝማል፣ ማረፊያዎቹ ሳይቆጠሩ። ደረጃ ብቻ ከተሠራ ሆስፒታሉ አጠገብ ላለ ቦታ ትልቅ ነውር ነው። ወደ ታች ወርዶ መልሶ መውጣት የደከመው ሰውም በላይ መሻገሩን አይተውም፣ አጥር እስካልታጠረበት ድረስ፤ አጥር ከታጠረ ደግሞ ወደ ሐውልቱ የሚያስገባው በር ተዘጋ ማለት ነው። በእኔ ግምት መሿለኪያ የሚመረጠው ላዩ ለሕዝብ መሰብሰቢያ ፈጽሞ ነጻ እንዲሆን ሲፈለግና ቁልቁለቱ ከቅርሱ ክልል ውጪ መጀመር ሲችል ብቻ ነው። የለንደኑ ሃይድ ፓርክ ኮርነር እ.ኤ.አ. በ1962 መሿለኪያ ተሠርቶለታል፤ ላዩ ያለው የዌሊንግተን ቅስት ግን ዛሬም በመኪና የተከበበ ደሴት ላይ ነው።

መስቀል አደባባይ በ2013 ዓ.ም. ሲታደስ ከሥሩ 1,400 መኪና የሚይዝ ማቆሚያ መሠራቱ አንዳንዴ እንደ ምሳሌ ይቀርባል። ደመራው የሚተከልበት ሜዳ ክፍት ሆኖ መቀጠሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ማቆሚያ የመጋጠሚያ መፍትሔ አይደለም፤ መኪናን የሚያቆም እንጂ የሚያሳልፍ አይደለምና።

ወደ ላይ መውጣት ወይም ሐውልቱን ማንሣት

ተሻጋሪ ድልድይ በዚህ ቦታ ላይ ብዙ ማነጋገር የለበትም። የድልድዩ ወለል ከመሬት 7.5 ሜትር ገደማ ስለሚሆን ከ28 ሜትሩ ዓምድ ከሩብ በላይ የሚሆነውን፣ ማለትም ቅርጾቹ ያሉበትን ግርጌ፣ ከብዙ አቅጣጫ ይሸፍነዋል። የቀላል ባቡሩ ድልድይ ያለፈበትን የሜክሲኮ አካባቢ የሚያውቅ ሰው ገጽታው ምን ያህል እንደሚለወጥ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ማንሣትን በተመለከተ ሁሉም የሚጠቅሰው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ነው። በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡሩ ግንባታ ሲባል ተነሥቶ በብሔራዊ ሙዚየም ተቀመጠ፤ ባቡሩ በሥሩ እንዲያልፍ ከተደረገና ዓመታት ካለፉ በኋላም ወደ ቦታው ተመለሰ። ያ ተሞክሮ የሚያስተምረው ማንሣት እንደሚቻል ብቻ ሳይሆን ምን ሲሟላ እንደሚቻልም ነው፤ የሚነሣው አካል በመጠኑ የሚጓጓዝ ነበር፣ የሚመለስበት ቦታ ከመጀመሪያው ተወስኖ ነበር፣ ሕዝቡም እስኪመለስ በዓይነ ቁራኛ ጠብቆታል። 28 ሜትር የሚረዝም ግንብ ግን ከዚህ ጋር አይወዳደርም። 24 ሜትሩ የአክሱም ሐውልት ከሮም በ1997 ዓ.ም. ሲመለስ ሦስት ቦታ ተከፍሎ ነው የመጣው። የየካቲት 12ን ሐውልት ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ ደግሞ ከምህንድስናው ይልቅ በትርጉሙ አይሆንም፤ ከግቢው የተለየ ዕለት የታሪኩ ግማሽ ይቀራል።

ደሴቱን ከአንድ ወገን ጋር ማያያዝ

የመጨረሻው አማራጭ በእኛ ዘንድ ብዙም ያልተለመደ ቢሆንም ለስድስት ኪሎ ከሁሉ የሚስማማ ይመስለኛል። ቀለበቱን ሙሉ ከማቆየት ይልቅ አንዱን ጎኑን ለመኪና ዘግቶ፣ መሐሉን ደሴት ከዳሩ የእግረኛ መንገድ ጋር አንድ ሜዳ ማድረግ ነው። ለንደን ትራፋልጋር አደባባይን እ.ኤ.አ. በ2003 ያሻሻለችው በዚህ መንገድ ነው፤ በሰሜን በኩል ከብሔራዊ የሥዕል ሙዚየሙ ፊት ያለፈው መንገድ ተዘግቶ፣ በመኪና ተከቦ የነበረው አደባባይ ከሕንጻው ጋር በደረጃ ተያያዘ። ስድስት ኪሎ ላይ የሚዘጋው ጎን የዩኒቨርሲቲው ቢሆን ገነተ ልዑልና ሐውልቱ በአንድ ወለል ላይ ይገናኛሉ፤ የየካቲት 12 ሥነ ሥርዓትም መንገድ ሳይዘጋ የሚካሄድበት ቦታ ያገኛል።

ዋጋው የሚከፈለው በመኪናው በኩል ነው። ቀለበቱ ሲቆረጥ የቀሩት ጎኖች በሁለት አቅጣጫ መሥራት አለባቸው፤ መጋጠሚያውም በመብራት የተሳሰሩ ባለ ሦስት ክንድ ትናንሽ መጋጠሚያዎች ስብስብ ይሆናል። ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ አፍንጮ በር የሚታጠፈው መኪና ብዛት ከቀጥታ ተጓዡ ከበለጠ ስሌቱ ላይሠራ ይችላል፤ በተለይ ለአንበሳና ለሸገር አውቶቡሶች የመታጠፊያው ስፋት በጥንቃቄ መሳል አለበት። ለዚህ ነው ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት መሞከር የሚገባው። በ2009 ዓ.ም. ገደማ በሰባተኛና በለገሃር መጋጠሚያዎች ላይ በቀለምና በፕላስቲክ ኮን የተከፋፈሉ የሙከራ ቅርጾች ተሠርተው ነበር፤ ያው ዘዴ እዚህም ይሠራል። አንድ ወር ያህል ጎኑን በኮን ዘግቶ፣ የሰልፉን ርዝመትና የእግረኛውን ብዛት ቆጥሮ፣ ካልሆነ በአንድ ሌሊት መመለስ ይቻላል። ከላይ ከተዘረዘሩት ትልልቅ ለውጦች እንዲህ ሊሞከር የሚችለው ይህ ብቻ ነው።

ውሳኔው ላይ ሲደረስ

ለሌላ መጋጠሚያ የሚጠቀም አንባቢ ሚዛኑን እንደዚህ ቢያደርገው ይጠቅማል። ሐውልቱ ከቆመበት መሬት ጋር በታሪክ ካልተያያዘና መኪናው መካከለኛ ከሆነ፣ ቀለበቱን ማስተካከል ይበቃል። መኪናው ከባድ ሆኖ አራቱም አቅጣጫ ተቀራራቢ ጭነት ካለው፣ ቀለበቱን ይዞ መብራት ማስገባት ይሻላል። ከሐውልቱ አጠገብ ግቢ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም ሌላ ታሪካዊ ሕንጻ ካለና የአንዱ ጎን ጭነት ቀለል ካለ፣ ደሴቱን ማያያዝ ይሞከር። መሿለኪያ የሚታየው እነዚህ ሁሉ ተሞክረው ካልበቁ ነው።

የትኛውም ቢመረጥ፣ ለአማካሪው በሚሰጠው የሥራ ዝርዝር ውስጥ መግባት ያለባቸው ነገሮች አሉ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቋሚ ቅርስ ላይ የሚካሄድ ሥራ የቅርስ ባለሥልጣኑን ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱ ጨረታው ከወጣ በኋላ ሳይሆን ንድፉ ገና በእርሳስ እያለ መጠየቅ አለበት፣ አለበለዚያ ባለሥልጣኑ የሚጠየቀው አስተያየት ሳይሆን ማኅተም ይሆናል። የሐውልቱ ዘንበል ማለትና ስንጥቅ ከሥራው በፊት ተለክቶ በፎቶግራፍ መያዝ አለበት፤ የመጠቅጠቂያ ማሽን ንዝረትም በግርጌው ላይ በመለኪያ መከታተል አለበት፣ በጀርመን የታሪካዊ ግንባታዎች መስፈርት በዝቅተኛ ድግግሞሽ የሚፈቀደው የንዝረት ፍጥነት በሰከንድ 3 ሚሊ ሜትር ነውና። እያንዳንዱ ዛፍ ቁጥር ተሰጥቶት፣ የሥሩ ክልል በካርታው ላይ ተሥሎ፣ አጥር ከቁፋሮው በፊት ይታጠርለት።

የጊዜ ሰሌዳውም የቅርስ ጥያቄ ነው። ከከተራ በኋላ የካቲት 12 ይመጣል፣ ከሰኔ ጀምሮ ደግሞ ክረምቱ ይገባል፤ ስለዚህ ሥርዓት ሳይደናቀፍና ጎርፍ ሳይመጣ አስፋልት ሊነካ የሚችልበት ጊዜ ከየካቲት 13 እስከ ግንቦት መጨረሻ፣ 108 ቀን ነው። የጠርዝ ድንጋይ፣ የመብራትና የወለል ሥራ በዚህ መጠን ተቆርሶ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ሊያልቅ ይችላል፤ የተሽከርካሪ መሿለኪያ ግን አይቆረስም፤ ጉድጓዱ ተከፍቶ ክረምቱንም፣ ከተራውንም፣ የካቲት 12ንም ያሳልፋል።